ወደ ደቡብ ኦሞ ቡድን ለምትልኩ የሚሽን ክፍሎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

በሰሜን አሜሪካ፣ በአውሮፓና በገልፍ አገሮች ለምትገኙ የኢትዮጵያ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የሚሽን ክፍሎች፤ እንዲሁም ከአዲስ አበባ ለምትወርዱ አገልጋዮች

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።

ጂንካ ላይ ሆኜ ቡድኖችን የምቀበል የአጥቢያ አገልጋይ ነኝ። መኪናና ማደሪያ አፈላልጋለሁ፣ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ፣ ወደ አሪ፣ ወደ በናና ወደ ሐመር አጥቢያዎች አብሬ እወርዳለሁ። ለሚመጣው ሁሉ ያንኑ ነገር ሻይ ቤት ተቀምጦ ማስረዳት አድካሚ ሆኖብኛል፤ ደግሞም እንግዳ ከመጣ በኋላ የሚነገረው ሁሉ እንደ ወቀሳ ይቆጠራል። ስለዚህ ሻንጣ ከመታሰሩ በፊት ይነበብ ብዬ ነው የጻፍኩት። ሽማግሌዎቻችንም አይተውታል፤ ከአንድ ሁለት ቦታ በቀር ይሁን ብለዋል፤ እነዚያንም ቦታዎች አለዝቤያቸዋለሁ።

ፈረንጅ ሲመጣ እንግዳ መሆኑን ያውቃል። ምን ልብላ፣ ምን ልልበስ፣ ማንን ላስቀድም ብሎ ይጠይቃል፤ አንዳንዱማ ከመጠን በላይ ይጠይቃል። እናንተ ግን ቦሌ ስታርፉ «አገሬ ገባሁ» ትላላችሁ። እውነት ነው፣ ገብታችኋል። ችግሩ ያ ስሜት ከቦሌ ጂንካ፣ ከጂንካም አልፎ ሐመር ውስጥ እስካለችው ቱርሚ ድረስ አብሯችሁ መውረዱ ነው። ሐመር አገራችሁ ነው፤ ቤታችሁ ግን አይደለም። ቋንቋውን አትሰሙም፣ ማን ከማን ፊት እንደማይናገር አታውቁም፣ ከብት ለአንድ ሰው ምን ማለት እንደሆነ አልኖራችሁበትም። መጠየቅ ይገባው የነበረው ሁሉ «እኛ እኮ ሐበሻ ነን» በሚል ሳይጠየቅ ይታለፋል። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የሚመነጨው ከዚችው አንዲት ነገር ነው።

አማርኛችንን እንኳ ውሰዱ። ወደዚህ አካባቢ አማርኛ በብዛት የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከዳግማዊ ምኒልክ ጦር ጋር ነው። የአሪ ሽማግሌዎች ከአባቶቻቸው የሰሙት የገባር ዘመን ታሪክ አላቸው፤ በጂንካ አቅራቢያ ባኮ የተቀመጠው ሹም፣ ግብር ሰብሳቢው፣ ዳኛው፣ ሁሉም የሚያዙት በአማርኛ ነበር። በኋላም ፖሊሱና የወረዳ ሠራተኛው በዚያው ቋንቋ መጡ። እንግዲህ አንድ ሰባኪ ማይክ ጨብጦ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ይህን ተዉ፣ ያንን ጣሉ» ሲል ሰሚው ጆሮ የሚደርሰው ወንጌሉ ብቻ አይደለም። ሰባኪው ይህን አላሰበም፤ ምናልባት ተወልዶ ያደገው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሰሚው ግን ያስበዋል። አማርኛ አትናገሩ ማለቴ አይደለም፤ እኔም በእርሱ ነው የምጽፍላችሁ። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፣ ቁጭ ብላችሁ ተናገሩ፣ የአጥቢያው ወንጌላዊ በራሱ ቋንቋ ዋናውን ይናገር፣ እናንተ አግዙት ማለቴ ነው። አሁን አሁን የሚመጡት ልጆች ደግሞ አማርኛውም ስለማይቀናቸው ስብከቱ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ሐመርኛ ይሻገራል። ሁለት ሰዓት ከሚፈጀው ጉባኤ ለአገሬው ወንጌላዊ የምትተርፈው የመዝጊያ ጸሎት ናት። እርሱ ግን በማግስቱ ከሰዎቹ ጋር ይቀራል፤ የተሰበከውን የሚያብራራውም፣ የተበላሸውን የሚጠግነውም እርሱ ነው።

ስለ ጊዜ ላንሣ። ጉዟችሁ የሚቆረጠው ልጆች ከትምህርት ቤት ሲያርፉ፣ አለቃ ፈቃድ ሲሰጥ ነው፤ ይገባኛል። ነገር ግን ማሽላ ከወፍ የሚጠበቅበት ሰሞን አለ፤ ልጅ አዋቂው ማሳ ውስጥ በተሠራ ማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ ይውላል። ከብት ሣርና ውሃ ፍለጋ የሚርቅበት ሰሞን አለ፤ ያን ጊዜ ወጣት ወንድ መንደር ውስጥ አታገኙም። ኦሞ ሞልቶ የዳሰነችን መንደሮች ያፈናቀለባቸው ዓመታትም አሉ። ሳምንቱም የራሱ ሥርዓት አለው፦ ሐሙስ የቀይ አፈር ገበያ ነው፣ ሰኞ የቱርሚ፣ ማክሰኞና ቅዳሜ የዲመካ። በቀይ አፈር ዙሪያ ለሐሙስ ጉባኤ ጠርቶ «ሕዝቡ ለቃሉ አልተራበም» ብሎ ሪፖርት የጻፈ ቡድን አውቃለሁ። ሕዝቡ ቅቤና ፍየል ሊሸጥ ሄዶ ነበር።

በሪፖርቱ ላይ የሚሰፍረው ቁጥር ደግሞ የባሰ ነው። በጉባኤው ማብቂያ «ጌታን የሚቀበል እጁን ያንሣ» ይባላል፣ እጅ ይነሣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ቁጥሩ በኢሜይል ይሄዳል። በእኛ አካባቢ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ለምኖ እንቢ አይባልም። አምና እጁን ያነሣው ሰው ዘንድሮም ያነሣል፤ ልጁን አስከትሎ ያነሣል። ለጥምቀት የሚበቃው ግን ወራት ተምሮ፣ ከቤተሰቡና ከጎረቤቱ ጋር ያለው ነገር ታይቶ፣ ሽማግሌዎች ጠይቀውት ነው። እናንተ የላካችሁት ቁጥር በእኛ መዝገብ ላይ የለም። ከዚያ በሚቀጥለው ዓመት «እነዚያ ሰዎች የት ደረሱ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ ወንጌላዊውም እንዳልሠራ ሰው ይሸማቀቃል።

ገንዘብን በለሆሳስ ልናገር አሰብኩ፤ ሽማግሌዎቹ ግን በግልጽ ጻፈው አሉኝ። በአንድ አጥቢያ ሁለት ወንጌላውያን አሉ እንበል። አንዱ የሚኖረው ምእመኑ ከሚያዋጣው አሥራት ነው። ለሌላው አንድ ቤተሰብ ከውጭ በየወሩ 100 ዶላር በቀጥታ ይልክለታል፤ ባለፈው ጉዞ ተዋውቀው ስልክ ተለዋውጠዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ጥቂት ወራት ሳይሞላ ከ100 ብር አለፈ። የሁለተኛው ገቢ አንዲት ተጨማሪ ቀን ሳይሠራ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው፤ የመጀመሪያው ዘይቱም ዱቄቱም ሲወደድ ባለበት ቆሞ ቀረ። ሁለቱም በአንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ፣ ሚስቶቻቸው አንድ ቧንቧ ይቀዳሉ። ሽማግሌዎቹ ሁለተኛውን «ወደ እዚያኛው መንደር ውረድ» ቢሉት «ደጋፊዎቼን ልጠይቅ» ይላል። ከዚያ እዚያ ያለው ቤተሰብ ሥራ ይለውጣል ወይም ቤት ይገዛል፤ ድጋፉ ይቋረጣል። ሰውየው ወደ አጥቢያው ሲመለስ አጥቢያው በጀት የለውም፣ ከባልንጀራውም ጋር ልቡ ተለያይቷል። ላኪው ክፉ ሰው አይደለም፤ ሌሊት ታክሲ ነድቶ ያገኘውን ነው የላከው። ለዚህም ነው ነገሩ የሚያሳዝነኝ። ገንዘቡ በአጥቢያው ወይም በቀጠናው ጽሕፈት ቤት በኩል ይምጣ፤ ለማን፣ ስንትና እስከ መቼ የሚለውን ሽማግሌዎች ይወስኑ። እነርሱም በደረሰኝና በኦዲት መልስ ይስጡ፤ ይህን መጠየቅ መብታችሁ ነው፣ የማይሰጥ አጥቢያ ካለ አትላኩለት።

ሻንጣ ሙሉ ልባሽ ልብስ ስለማምጣት ብዙ አልልም። ጂንካ ገበያ ልባሽ ሞልቷል፤ ሲከፋፈል የሚነሣው ጠብ ግን ከልብሱ ዕድሜ ይረዝማል። መድኃኒትም ጤና ጣቢያው ሳያውቀው አይታደል።

ስለ ስጦታ ካነሣን አንድ ነገር ልጨምር። ከቆላ አጥቢያዎቻችን በአንዱ ዝማሬ የሚመሩት እናቶች ነበሩ። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ በጭብጨባና በእግር ምት ይቀበላሉ፤ ግጥሙ የራሳቸው ነው፣ ጸሎት ቤቱ ዳስ ስለሆነ ድምፁ ከብት ከሚጠብቁት ልጆች ጆሮ ይደርሳል። አንድ ደግ ቡድን ኪቦርድ፣ ሁለት ትልልቅ ድምፅ ማጉያና ጀነሬተር ሰጠ። ወጣቶቹ በጣም ተደሰቱ፤ ከስልክ የሚሰሙትን የአዲስ አበባ መዝሙር ማጥናት ጀመሩ። እናቶቹ ከፊት ወደ ኋላ ተዛወሩ፤ ያልለመዱትን ዜማ ሊቀበሉ ስለማይችሉ ዝም አሉ። ጀነሬተሩ ዓመት ሳይሞላው ቆመ፤ ቤንዚን ከከተማ በጀሪካን ነበር የሚመጣው። አሁን ኪቦርዱ በላስቲክ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ወጣቶቹ ያለ እርሱ መዘመር አፈሩ፣ እናቶቹም ወደ ፊት ተመለሱ ሲባሉ «ዘመኑ የልጆች ነው» ይላሉ። ስጦታው በገንዘብ ሲተመን ትልቅ ነበር። «ምን ይጎድላችኋል?» ተብሎ ቢጠየቅ ኖሮ ግን ማንም ኪቦርድ አይልም ነበር፤ የጸሎት ቤቱ ክዳን ያፈስ ነበርና።

ወደ ባህሉ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ነገሩ ይከብዳል። ዓርብ ዕለት ከብት ዝላይ፣ ማለትም ወጣት በከብት ጀርባ ላይ ተሻግሮ ለጋብቻ መብቃቱን የሚያሳይበትን የሐመር ሥርዓት፣ ሊያይ የሄደ ቡድን አለ። ለፎቶ ከፍሏል፣ በሥርዓቱ ላይ ሴቶቹ ሲገረፉ በስልክ ቀርጿል፣ ቪዲዮውንም ለቋል። እሑድ በዚያው አካባቢ ቆሞ ያንኑ ሥርዓት የሰይጣን ሥራ ነው ብሎ ሰበከ። ሰዎቹ ሁለቱንም አይተዋል። ስለዚህ ቡድኑ ከጎብኚ በምን እንደሚለይ የጠየቁኝ ሽማግሌ ነበሩ፤ አማኝም አይደሉም። መልስ አልነበረኝም።

ባህል ሁሉ ይጠበቅ፣ ምንም አይነካ የሚሉትንም አልቀበልም። ሚንጊን አስቡ፤ የላይ ጥርሱ ቀድሞ የበቀለ ሕፃን መዓት ያመጣል ተብሎ የሚጣልበት ልማድ። እንዲህ ያለውን ዝም ብሎ የሚያልፍ ክርስቲያን የለም። ግን እንዴት እንደቀረ እዩ። በካራ ሕዝብ ዘንድ በ2012 እ.ኤ.አ. ልማዱን ያስቀሩት የካራ ሽማግሌዎች ራሳቸው ናቸው። ከእነርሱ የተወለደው ላሌ ላቡኮ ለዓመታት ሕፃናቱን እያተረፈ፣ ሽማግሌዎችን እየዞረ በቋንቋቸው ሲሟገት ነበር። ከውጭ የመጡ ሰዎች ረድተውታል፤ ፊት የቆመው ግን እርሱ ነው፣ የወሰኑትም ሽማግሌዎቹ ናቸው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15ም የሚያሳየን ይህንኑ ነው፤ ከአሕዛብ ወደ ጌታ በዞሩት ላይ ቀንበር አንጫን ያሉት ሐዋርያት ከዝሙት ራቁ ማለትን አልተዉም። የትኛው ሸክም የትኛው ኃጢአት እንደሆነ የመለየቱ ሥራ ደግሞ የአንድ ሳምንት እንግዳ ሥራ አይደለም።

በአሪ ሌላ ለእንግዳ የማይታይ ነገር አለ። ሸክላ ሠሪዎቹ ማና ይባላሉ፤ ከገበሬው ጋር በአንድ ማዕድ አይበሉም፣ አይጋቡም ነበር። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ጸሎት ቤት ጎን ለጎን እንዲቀመጡ፣ ከአንድ ጽዋ እንዲቀበሉ ለማድረግ የአካባቢው አገልጋዮች ስንት ዓመት ደክመዋል፤ ሥራው ገና አላለቀም። የእናንተ ቡድን ምሳ ሲያበላ ማን ከማን አጠገብ እንደተቀመጠ፣ ማን ሳህኑን ይዞ ውጭ እንደወጣ አያይም። እኛ እናያለን። አስተናጋጁን፣ አስተርጓሚውን፣ ለሥልጠና የሚላከውን ወጣት ፊት አይታችሁ አትምረጡ፤ ይህን ለአጥቢያው ተዉለት። እንግሊዝኛ የሚችለው ልጅ ሁልጊዜ የታመነው ልጅ አይደለም።

ታሪካችንን የምታውቁ ናችሁ፤ ባጭሩ ልጥቀሰው። የካቶሊኩ ካህን ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 እ.ኤ.አ. መጥቶ ግዕዝና አማርኛ ተማረ፣ ከአገሩ ሊቃውንት ጋር በትዕግሥት ተከራከረ፣ እስኪሞት ድረስም ተከበረ። በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ይሾሙ፣ የሮም ሥርዓት ይተካ አለ። አገሩ በደም ታጠበ፤ በ1632 አፄ ሱስንዮስ ሃይማኖት ይመለስ ብለው አውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። በትምህርቱ ከሁለቱም ጋር አልስማማም፤ በአመጣጣቸው መካከል ያለው ልዩነት ግን ዛሬም ይመረመር እላለሁ።

የበለጠ የሚቀርበን የወላይታው ነው። ጣልያን በ1937 እ.ኤ.አ. የውጭ ሚስዮናውያንን ከወላይታ ሶዶ ሲያስወጣ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች ወደ 50 የሚጠጉ ነበሩ። ከአማኞቹ እነ ብሩ ዱባሎና ዋንዳሮ ዳባሮ ታሰሩ፣ ተገረፉ። ከነጻነት በኋላ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ ያገኙት ወደ 10,000 የሚገመት ምእመን ነው። ያቺው ቤተ ክርስቲያን ናት ወንጌላውያኗን ከእነሚስቶቻቸው ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ አሪ የላከችው፤ ምእመኑ በቆሎ ሸጦ ባዋጣው ነበር የሚኖሩት። እነርሱም ቢሆኑ የወላይታን ዜማና ቋንቋ ይዘው መጥተው ነበር፤ ያንን ከወንጌሉ ለመለየት ሌላ ትውልድ ወስዷል። ነገር ግን በጎጆ ኖሩ፣ አብረው አረሱ፣ በወባ ልጅ ቀበሩ። አንድ ሰው ሲሳሳትም አብሮ ከኖረ ይታረማል፤ የአሥር ቀን እንግዳን ግን ማን ያርመዋል?

ተቀባይ ለላኪ ሲጽፍ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ1972 እ.ኤ.አ. ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ጊዜ መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ጽፋ ነበር፤ ለጋሾች ለልማት እየሰጡ ለወንጌል ሥራ መንፈጋቸውን፣ የሚያስፈልገንን እናንተ ለምን ትወስናላችሁ ብላ ሞገተች። ያን ጊዜ ላኪው ፈረንጅ ስለነበር ሁላችንም አጨበጨብን።

እናንተ ደግሞ ይህን ለመረዳት ከማንም ትቀርባላችሁ። ስንቶቻችሁ ናችሁ የፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተከራይታችሁ እነርሱ ሲወጡ ከሰዓት በኋላ የምትገቡት? የወጥ ሽታው ቅሬታ አስነሥቶ፣ ጸሎታችሁ ጮኸ ተብሎ፣ ወንበር አልተመለሰም ተብሎ ደብዳቤ የተለጠፈባችሁ? ገልፍ ያላችሁት እኅቶች በዕረፍት ቀናችሁ ጠባብ ክፍል ውስጥ ድምፃችሁን ቀንሳችሁ ትዘምራላችሁ። ያኔ አንድ የአገሩ ሰው መጥቶ ከኋላ ቁጭ ቢል፣ እንጀራውን በእጁ ቢበላ፣ «እንዴት ላግዛችሁ?» ብሎ መልሱን እስከ መጨረሻው ቢሰማ ምን ይሰማችሁ ነበር? ጌታ ሰባዎቹን ሲልክ ኮረጆ አትያዙ፣ ያቀረቡላችሁን ብሉ ብሏል፤ ተላኪው ራሱ የአገሬው እንግዳ ሆኖ ከማዕዱ እንዲበላ ነው። በሉቃስ 10 ላይ የሚመግበው ባለቤቱ ነው።

እንዲህ ሆና የመጣች አንዲት ነርስ አውቃለሁ። ወራት ሙሉ መድረክ አልጠየቀችም። በጤና ጣቢያው ከአገሬው ነርሶች ሥር ተመድባ ሠራች፤ እሑድ ከሴቶቹ ጋር ቁርበት ላይ ትቀመጣለች። የቡና ገለፈት በትልቅ ቅል ሲዞር ተራዋን ትጠብቃለች፤ መጀመሪያ ላይ ስታጋድለው ቀሚሷ ላይ ይፈስባት ነበር፣ ልጃገረዶቹ ይሥቁባታል። ሥቀው ቅሉን በሁለት እጅ እንዴት እንደሚያዝ አሳዩአት፣ ከዚያ የዕቃውን ስም፣ ከዚያ የበሽታውን ስም። አንድ ቀን ሴቶቹ ራሳቸው «ዛሬ አንቺ ጸልዪልን» አሏት። በተሰባበረ ሐመርኛ ጸለየች፤ አስተርጓሚ አልተፈለገም። ስለ እርሷ የተነሣ ፎቶ ያለ አይመስለኝም።

ሁሉም ዓመት ሙሉ ሊቆይ አይችልም፤ አልጠይቅምም። የሚከተለውን ግን እጠይቃለሁ። ለሚመጣው ጉዞ ፕሮፖዛል ከመጻፋችሁ በፊት ለምትሄዱበት አጥቢያ ሽማግሌዎች ደውሉ፤ ለወጣቱ አስተርጓሚ ሳይሆን ለሽማግሌዎቹ። ወሩን እነርሱ ይምረጡ። ከአራት የማይበልጥ ሰው ላኩ፤ በየዓመቱ አዲስ ፊት ከምትልኩ ያንኑ ሰው መልሳችሁ ላኩ። ቅዱስ ቃሉ በቋንቋቸው በድምፅ ተቀድቶ እንዲሰማ፣ የአገሬው ተርጓሚዎች ደመወዛቸው እንዳይቋረጥ ማገዝም ትችላላችሁ፤ ማንበብ የማይችለው ከብት ጠባቂም ይሰማዋል። የመጀመሪያውን ሳምንት አትስበኩ። ፎቶ ሰውየውን ሳትጠይቁ አታንሡ፣ ሕፃን ራቁቱን ሆኖ ፌስቡክ ላይ አይታይ። ሪፖርታችሁን ለቤተ ክርስቲያናችሁ ከማንበባችሁ በፊት ለእኛ ላኩልን፤ ስለ እኛ የተጻፈውን እኛም እንየው።

ሽማግሌዎቹም «ዘንድሮ አትምጡ፤ ድርቅ ነው፣ የምናስተናግድበት የለንም» ካሏችሁ ትኬቱን አትቁረጡ። ለሌላ ዓመት አቆዩት፤ ስልኩን ግን አትዝጉ፣ ዝናቡ መግባቱን ጠይቁ።

በጌታ ወንድማችሁ፣
ከጂንካ፣ የአጥቢያ አገልጋይ